ዶሮዬ ደረቷ ተነፍቶ አደረ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ስድስት የፈረንጅ ዶሮዎች አሉኝ። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው። አንዷ ከሦስት ቀን ወዲህ ደረቷ ላይ፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ እብጠት ወጥቶባታል። ስነካው ውሃ እንደያዘ ፌስታል ይላል። ምግብ እምቢ ብላለች፣ ውሃ ግን ደጋግማ ትጠጣለች። አፏ ይሸታል። እንቁላል መጣልም አቁማለች። ጎረቤቴ እግሯን ይዘሽ ዘቅዝቂያትና ይውጣላት አለችኝ፣ እኔ ግን ፈራሁ። ቴትራሳይክሊን ገዝቼ ውሃዋ ውስጥ በጥብጬላታለሁ፣ ለውጥ የለም። ትድናለች ወይስ ትታረድ?»

እህቴ፣ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን ያዢልኝ። አትዘቅዝቂያት። መፍራትሽ ልክ ነበር።

የዶሮን አፍ ከፍተሽ ብታዪ ምላሷ ሥር፣ መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ስትተነፍስ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ያቺ የአየር ቧንቧዋ በር ናት። ዶሮዋ ስትዘቀዘቅ ደረቷ ላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ ባንዴ ወደ አፏ ይመጣል፣ እሷም ደንግጣ ትንፋሽ ስትስብ ቀጥታ ሳንባዋ ይገባል። ወይ እዚያው እጅሽ ላይ ትታፈናለች፣ ወይ ከቀናት በኋላ በሳንባ ምች ትሞታለች። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኔም አድርጌዋለሁ። ትልልቅ ሰዎች ሲያደርጉት አይቼ ትክክል መስሎኝ ነበር። መጋላ አካባቢ የአንዲት እናት ዶሮ ነበረች፣ ነጭ ቄብ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየችም። እናትየው አልተቆጡኝም፣ ዝም ብለው ከእጄ ተቀበሏት። ያቺ ዶሮ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም። ፈሳሹ የግድ መውጣት ካለበት ሐኪም በለስላሳ ቱቦ ነው የሚያወጣው።

ሁለተኛ፣ ቴትራሳይክሊኑን አቁሚ። በቅንነት እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ድሬም ሆነ ሐረር ዶሮ ትንሽ በተከዘች ቁጥር ካፕሱል ፈትቶ ውሃ ላይ መበተን ተለምዷል። ግን አንቺ የገለጽሽው የባክቴሪያ በሽታ አይመስልም፣ እርሾ ነው የሚመስለው። ካንዲዳ የሚባል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ አለ። በጤነኛ ዶሮ ውስጥም በትንሹ ይኖራል፣ ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ቦታ ስለማይሰጡት ግን አይበዛም። አንቲባዮቲክ ስትሰጪ ጥሩዎቹን ትገድያለሽ። እርሾው ደግሞ በአንቲባዮቲክ አይሞትም። ሜዳው ለእሱ ብቻ ይለቀቃል ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ፣ መድኃኒቱ ወደ እንቁላልና ሥጋ ስለሚገባ እሷም ሆነች ያንን ውሃ የጠጡ ሌሎቹ የሚጥሉትን እንቁላል ለልጆችም ሆነ ለማንም አትስጪ። ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብሽ የእንስሳት ሐኪሙ ይነግርሻል።

አሁን ስለ እብጠቱ። ዶሮ ጥርስ የላትም፣ ያገኘችውን ሳታኝክ ትውጣለች። የዋጠችው ግን ወዲያው ሆዷ አይገባም። አንገቷ ከደረቷ በሚገናኝበት፣ በስተቀኝ በኩል፣ ጉሮሮዋ ሰፍቶ ከረጢት ሠርቷል። ጥሬው እዚያ ይጠራቀማል፣ ይርሳል፣ ይለሰልሳል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ መጀመሪያ አሲድ ወደሚያመነጨው ጨጓራ፣ ቀጥሎ ወደ መፍጫው። መፍጫውን ታውቂዋለሽ። ለዶሮ ወጥ ስትበልቺ ሰንጥቀሽ አሸዋውንና ቢጫውን ልጣጭ የምታወጪለት ጠንካራ ሥጋ ነው። ወፍጮዋ እሱ ነው። የዋጠችው ጠጠር ደግሞ የወፍጮው ድንጋይ።

ይህን ያነሳሁት ለምን መሰለሽ? ወፍጮ ቤት ሞተሩ ሲቆም ወረፋው የሚታየው በሩ ላይ ነው። ዶሮም እንደዚያ ናት። መፍጫው ቢደፈን፣ አንጀቷ በትል ቢሞላ፣ ነርቯ ቢታመም፣ እንቁላል ማህፀኗ ቢቆጣ፣ መጀመሪያ ዓይንሽ የሚያየው ደረቷ ላይ የቆመውን ምግብ ነው። ስለዚህ ከረጢቷን ባዶ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ለምን ቆመች የሚለውን መፈለግ አለብን።

ምርመራው ላይ ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። ማታ ቆጥ ላይ ልትወጣ ስትል ከረጢቷ ሞልቶ ብታገኚው ደስ ይበልሽ፣ የሌሊቱን ስንቅ ይዛለች። ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች እያወረደች ትፈጫለች። ጎህ ሲቀድ፣ ምንም ሳትበላና ሳትጠጣ፣ ያ ቦታ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ከሰዓት በኋላ ዳስሶ «አብጧል» ብሎ ይደነግጣል፣ በተለይ እዚህ ድሬ። በሙቀት ጊዜ ዶሮ በጠዋትና ወደ ማታ ትበላለች፣ ቀኑን በውሃ ነው የምትውለው፣ ስለዚህ ቀን ላይ ደረቷ ውሃ ውሃ ቢል በሽታ አይደለም። ጠዋት ሞልቶ ካደረ ግን በሽታ ነው። ማታ መኖና ውሃውን አንሺ፣ ንጋት ላይ ከቆጥ ሳትወርድ ብብትሽ ሥር አቅፈሽ ያዣትና በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ ዳስሺ። አትጫኚ። ፈሳሽ ካለ ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል።

እጅሽ የሚነግርሽ ብዙ ነው። ጠንካራ ከሆነ፣ እንደ ደረቀ ሊጥ ወይም እንደተጠቀለለ ገመድ ኳስ ከተሰማሽ፣ ተደፍኗል። ለስላሳ ሆኖ ውሃ የሞላ ፊኛ ከመሰለሽና አፏ ኮምጣጣ ከሸተተ፣ ቦክቷል። ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ስትሄድ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ጡንቻው ላልቷል። ሦስቱ አንዳንዴ ይደራረባሉ። የተደፈነ ሲቆይ ይቦካል፣ ሲቦካ የከረመ ደግሞ ይላላል።

ያንቺዋ የቦካው ነው የምትመስለው። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርጥብ ጥሬ በዚያ ሙቀት ቆሞ ሲያድር ምን እንደሚሆን እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አፏን በብርሃን እዪው። ምላሷና ላንቃዋ ላይ እንደ እርጎ ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ካለ እርሾው ለመሆኑ ሌላ ምልክት ነው። ቢጫ፣ እንደ አይብ የጠጠረ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ልጠረጥር ነው፣ ከእርግብ የሚመጣ። ከረጢቱ አብሮ ይታመማል፣ መድኃኒቱ ግን የተለየ ነው። እርግቦች ከዶሮዎችሽ ጋር ከአንድ ዕቃ ውሃ የሚጠጡ ከሆነ ለሐኪሙ መናገር አትርሺ።

ዛሬ ማታ ምን ታደርጊያለሽ? ለይተሽ ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጫት። ካርቶን ይበቃል። ሥሩ ጭድ አታድርጊ፣ ልትበላው ትችላለች። ጋዜጣ ይሻላል። የቦካ ከረጢት ያላትን ዶሮ ብዙ ሰው ለ24 ሰዓት ከምግብ ከልክሉ ይላል፣ ያንቺዋ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በትክክል አልበላችም፣ ስለዚህ ከሌሊቱ በላይ ማስራብ አያስፈልግም። ከሌሊቱ ውጭ ውሃ አትከልክያት። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን፣ አንዴ ሞልታ እንዳትጠጣ። ስኳር የገባበት ምንም ነገር አትስጫት፣ ለስላሳም፣ ዳቦም። እርሾ የሚያድገው በእሱ ነው።

መድኃኒቱ ኒስታቲን ይባላል። ለሕፃናት የአፍ ቁስል የሚሰጠው ቢጫ ፈሳሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ሚሊ ሊትር 100,000 ዩኒት ይይዛል። ይህ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም አይገባም ማለት ይቻላል፣ የሚሠራው እርሾውን በአካል ሲነካ ብቻ ነው። ስለዚህ ከረጢቱ በፈሳሽ ተሞልቶ እያለ ብትሰጫት ተበርዞ ይቀራል፣ ፈሳሹ የቀነሰበትን ሰዓት፣ ጠዋትን ምረጪ። ለአንድ ኪሎ ክብደት 100,000 ዩኒት በቀን ሁለቴ የተለመደ መነሻ ነው፣ ግን መጠኑንና የቀኑን ብዛት አይቷት የሚወስነው ሐኪም ነው። የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ሁለት ኪሎ ልትጠጋ ትችላለች፣ የሐበሻ ዶሮ ደግሞ ከዚያ በብዙ ታንሳለች፣ በግምት አይሰጥም።

አሰጣጡንም ላሳይሽ። መርፌው የወጣለት ትንሽ ሲሪንጅ ያዢ። ምንቃሯን ከፍተሽ በእሷ በስተቀኝ ጎን፣ ከምላሷ ጎን ጠብ አድርጊላት። መሃል ላይ ያለችውን የአየር በር አስታውሺ። ጠብ ካደረግሽ በኋላ ምንቃሯን ልቀቂ፣ ትዋጥ፣ ከዚያ ድገሚ። ብትንቀጠቀጥ ወይም ብታስነጥስ አቁሚና አሳርፊያት።

ስለ ኮምጣጤና እርጎ መጠየቅሽ አይቀርም። ትንሽ ኮምጣጤ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግ ብዙ ጉዳት የለውም፣ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ እንዳይሆን ብቻ፣ አሲዱ ዚንኩን ያሟሟዋል። ግን አንዴ የቦካውን ይፈውሳል ብዬ አልነግርሽም። እርጎም ያው ነው። አረቄ፣ በርበሬ፣ ፌጦ ግን በጭራሽ። የቆሰለ ከረጢት ላይ እሳት መጨመር ነው።

በሁለተኛው ቀን ከረጢቱ ጠዋት ላይ መጉደል ከጀመረ ተቀቅሎ የተፈረፈረ እንቁላል ወይም በውሃ የራሰ የእንቁላል ጣይ መኖ በማንኪያ፣ በቀን አራት አምስቴ። ስንዴና ማሽላ ይቆይ።

አሁን ስለ ተደፈነው ልንገርሽ። ያንቺዋም ችግር መነሻው እሱ ሊሆን ይችላል ብዬ ስለምጠረጥር ነው። ፈሳሹ ሲቀንስ ከሥሩ እንደ ገመድ ያለ ጓል ከዳሰስሽ፣ መጀመሪያ የተደፈነ ነበር ማለት ነው። የእኛ ከተማ ዶሮ ምን ትውጣለች? ከሰዓት በኋላ የየግቢውን ጥግ እዪ። ገረባ፣ የጫት ትራፊው፣ ተቆልሏል። ፍየሏ ትበላዋለች፣ ጥሩ፣ ፍየል ታኝካለች። ዶሮ ግን ረጅሙን ቃጫማ ግንድ ሳታኝክ ትስበዋለች። ጫቱ የታሰረበት ሲባጎም፣ የተጠቀለለበት ፌስታል ቁራጭም አብሮ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከአንዲት ሳሶ ዶሮ ከረጢት ውስጥ ከክንዴ የሚረዝም የላስቲክ ገመድ አውጥተናል። የማንጎ ሰሞን ደግሞ የፍሬው ቃጫ አለ። አዲስ የታጨደ ረጅም ሣርም እንዲሁ።

እንዲህ ያለ ጠንካራ ጓል ሲያጋጥምሽ፣ ዶሮዋን ምግብ ከልክለሽ፣ ለብ ያለ ውሃ በትንሽ በትንሹ ጠብ እያደረግሽ፣ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ቀስ ብለሽ ታሻሺዋለሽ፣ በቀን አራት አምስቴ። ጓሉን መሰባበር ነው ዓላማው፣ ወደ አፍ መግፋት አይደለም። ሁለት ሦስት ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ከውሃው በፊት መስጠት ለእንዲህ ዓይነቱ አንዳንዴ ይረዳል፣ ግን ዘይት ሳንባ ከገባ አይወጣም፣ እጅሽ ካልለመደ ተይው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ካልቀለጠ ቀዶ ሕክምና ነው።

አቦ፣ እዚህ ላይ ልለምንሽ። በምላጭ ቀዶ በልብስ ክር የሚሰፋ ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋም፣ «አድነናል» የሚሉም አሉ። እኔ ጋ የሚመጡት ግን ያልዳኑት ናቸው። ቆዳውና ከረጢቱ ሁለት የተለያዩ ንብርብሮች ናቸው፣ ለየብቻ መሰፋት አለባቸው። አንድ ላይ ከተሰፉ ምግቡ በሥራቸው ይወጣል፣ ይመግላል። ማደንዘዣ ሳይኖር መቅደድ ደግሞ ለእንስሳዋ ጭካኔ ነው። ከተማ ውስጥ የመንግሥትም የግልም የእንስሳት ክሊኒክ አለ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ደንገጎን ወጥተሽ ሩቅ አይደለም። አስቀድመሽ ደውለሽ ለዶሮ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ መሆኑን ጠይቂ።

ሲሚንቶ ግቢ ያልሽው ጉዳይ ሳይታለፍ። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። አፈር ጭረው የሚውሉ ዶሮዎች ጠጠራቸውን ራሳቸው ይለቅማሉ፣ ሐረር ዙሪያ ገጠር ውስጥ ይህን ችግር ብዙም የማናየው ለዚህ ይመስለኛል። ያንቺዎቹ ከየት ያገኛሉ? ዱቄት መኖ ብቻ ቢበሉ ያን ያህል አይቸገሩም፣ ግን ማሽላ፣ በቆሎና ቅጠል ከሰጠሻቸው ወፍጮው ያለ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ከደቻቱ የወጣ ሸካራ አሸዋ የትም ግንባታ ላይ ታገኚያለሽ። በወንፊት ንፊው፣ ደቃቁን ጣዪው፣ የስንዴ ፍሬ ከሚያህለው እስከ ትንሽ ከፍ የሚለውን አስቀሪ። ወንዙ የከተማውን ቆሻሻ ስለሚያወርድ ደጋግመሽ እጠቢና ፀሐይ ላይ አድርቂው። በተለየ ሳህን አስቀምጪላቸው፣ የሚበቃቸውን ያውቃሉ። የእንቁላል ቅርፊት ይተካዋል የሚሉ አሉ፣ አይተካም። ቅርፊት ለካልሲየም ጥሩ ነው፣ ሆድ ውስጥ ግን ይሟሟል፣ አይፈጭም።

ሙቀቱም ድርሻ አለው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ዶሮ ከወትሮው እጥፍና ከዚያም በላይ ትጠጣለች። ውሃ አልቆባት ለሰዓታት ተጠምታ ቆይታ ከዚያ ባንዴ ስትጋት ከረጢቷ ይለጠጣል፣ ሲደጋገም ጡንቻው ይላላል፣ የተንጠለጠለው ዓይነት አንዱ መንስኤ ይህ ነው። አንዴ ከላላ ሙሉ በሙሉ መመለሱ ይከብዳል፣ ዶሮዋ ግን ትንሽ ትንሽ፣ ለስላሳ ምግብ እየበላች ዓመታት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ውሃው ጥላ ሥር፣ ሁልጊዜ የማይጎድል፣ ከተቻለ በሸክላ ይሁን። ማታ የተረፈውን የራሰ መኖም ድፊው። በዚህ አየር ሻጋታ ለማውጣት አንድ ቀን አይፈጅበትም።

አንድ ነገር ግን በጣም እንድትጠነቀቂ። ፈንግል የያዛት ዶሮም ከረጢቷ በፈሳሽ ይሞላል፣ አፏም ይሸታል። ልዩነቱ ፈንግል አንዷ ላይ አይቆምም። በቀናት ውስጥ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ ከተከዘች፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ውሃ ከሆነ፣ ሲተነፍሱ ከተንኮራፉ፣ አንገት የሚጠመዘዝ ወይም ክንፍ የሚወድቅ ከታየ፣ ስለ ከረጢት ማሰብሽን ተይና ዛሬውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ተናገሪ። ዶሮ አትሽጪ፣ አታውጪ፣ ከጎረቤትም አታስገቢ። ፈንግል መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ብቻ ነው ያለው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ እዚሁ አገራችን ይሠራል። ከበልግ ዝናብ በፊት አስከትቢ። ወጣት ቄብ ከሆነችና አንድ እግሯ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ከተዘረጋ ደግሞ ማሬክ የሚባለው የነርቭ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ከረጢቱም የቆመው ነርቩ ስለታመመ ነው፣ ማሸትም መድኃኒትም አይመልሰውም።

ትታረድ ወይ ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ። የምትታረደው ለመብላት ከሆነ አይሆንም፣ ቴትራሳይክሊን ጠጥታለች፣ የታመመችበትንም ገና አላወቅነውም። እንድትገላገል ከሆነ ደግሞ ገና ነው። ቆማ የምትሄድ፣ ዓይኗ የተከፈተ፣ ውሃ የምትፈልግ ዶሮ ዕድል አላት። ኩሷን እዪ። ትንሽም ቢሆን ቡናማ ነገር ካለው ወደ ታች የሚያልፍ አለ ማለት ነው። ነጭና ውሃ ብቻ ከሆነ ግን ምንም እያለፈ አይደለም፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም ጋ ውሰጃት። የደረቷን አጥንትም ዳስሺ። እንደ ቢላዋ ጀርባ ከሾለ ሥጋዋ አልቋል፣ ችግሩም ከሦስት ቀን የቆየ ነው። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ከደረሰች ይህንንም በግልጽ ንገሩኝ ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ፣ ማሰቃየት የለብንም።

አሁን ከመሸ መኖውንና ውሃውን ከስድስቱም አንሺ። ነገ ንጋት ላይ ታማሚዋን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አንድ በአንድ ዳስሻቸው፣ የጤነኛዋ ባዶ ከረጢት ምን እንደሚመስል እጅሽ የሚማረው ከአምስቱ ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፊልኝ። ፈሳሹ ቀነሰ ወይስ እንዳለ ነው? ሥሩ ጓል አለ? ኩሷ ምን ይመስላል? ገረባውንም ዛሬውኑ ከግቢው አስወጪ።